የዲንቄ ወባ

ጋሼ ኃይለየሱስ ያን ቅዳሜ ጠዋት በእግራቸው ሄደው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር አይነሣም ነበር። ዳሩ ግን የናዝሬት ነፋስ አቧራውን እያፈሰ መንገደኛው ፊት ላይ ይበትን ስለ ነበርና በፖስታ የያዙት ስቴንስል፣ ያ ጽሑፍ የሚባዛበት የሰም ወረቀት፣ እንዳይጨማደድባቸው ስለ ፈሩ፣ መናኸሪያው አጠገብ የጉተማን ጋሪ አስቁመው ወጡ። ፖስታውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በሁለት እጃቸው ያዙት። ጋሪው ሊንቀሳቀስ ሲል አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ብብቷ ሥር ወትፋ እየሮጠች መጣችና ከጎናቸው ዘፍ አለች። ዘርፉ ነበረች።

ያን ዕለት ከናዝሬት ሕዝብ ሁሉ ሊያገኟት የማይፈልጉት አንድ ሰው ብትኖር እሷ ነበረች። ፖስታው ውስጥ ያለው ታሪክ የሷ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ የቀበሌው ሴቶች ያወቁትን ንባብ እንዳይረሱት፣ የቀበሌው ንባብ ቤት በስቴንስል የሚባዛ ትንሽ መጽሔት ሊያወጣ ወሰነ። ከተማሪ አንድ ታሪክ ይግባ ተባለ፤ መምህሯ የዘርፉን መረጡላት። ትየባው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ሲተይቡ ኖረው ጡረታ ለወጡት ለጋሼ ኃይለየሱስ ተሰጠ። እሳቸው ጨዋ፣ ታማኝ፣ ነጠላ ሠረዝ እንኳ የማያመልጣቸው ሰው ናቸው። ጥፋታቸው አንድ ብቻ ነው፤ እሱን አሁን እናየዋለን።

«እንደምን አደሩ ጋሼ! ታሪኬ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አዎ፣ ቀበሌ ማኅተም ላስመታበት ነው።»

«እስቲ ልየው!»

«ስቴንስል በእጅ አይነካካም።»

«በዓይኔ ነዋ የማየው» አለችና ፖስታውን በትሕትና፣ ግን ቀልጠፍ ብላ ወሰደችባቸው። ስቴንስል ወደ ብርሃን ካልያዙት አይነበብም። ወደ ፀሐይ አንሥታ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ።

«ጋሼ፣ ‹ዲንቄ ከወንበሯ ስትነሣ ወባ አየች› ይላል።»

«ይላል።»

«ወባ እንዴት ይታያል?»

ጋሼ ኃይለየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የጋሪ ነጂውን ጀርባ ገልመጥ አድርገው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ የጻፍሽው ቃል ለሰው ጆሮ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ አረምኩልሽ።»

«እኔ የጻፍኩት ደም ነው! የወር አበባዋ ነው የመጣው!»

«ቀስ በይ እንጂ! ወንድ አለ!»

«እርስዎስ ምንድን ነዎት?»

ጉተማ ፊቱን አላዞረም፤ ትከሻው ግን ሳቀ።

ሽማግሌው አልጮኹም። ሲቆጡ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ስለ ሆኑ እንደ ፍርድ ቤት ሰው ቃላቸውን እየመጠኑ አስረዱ። «ልጄ፣ እኔ ያንቺ ጠላት አይደለሁም። እጅሽ መልካም ነው። ግን አስቢ፤ ይህ ጽሑፍ በእናቶች ፊት ሊነበብ ነው። ነውር ነገር የሚጻፈው አንባቢን ለማስደንገጥ ነው። ሌላ ጥቅም የለውም።»

«ፍርድ ቤት ስንቱን ጉድ ሲተይቡ ኖረው የኔ ዲንቄ ታስደነግጥዎታለች?»

«ያ ሌላ ነው። እዚያ የሆነውን ነው የምንጽፈው። ልብ ወለድ ግን ሰው ወዶ የሚፈጥረው ነው። ወደሽ ስትፈጥሪ ንጹሕ ነገር መፍጠር ስትችይ፣ ምነው ነውሩን መረጥሽ?»

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ዘርፉ ደብተሯን ከብብቷ አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ከመስከረም ወዲህ ከኛ ክፍል ሦስት ሴቶች ቀርተዋል» አለች። «መምህራኑ ‹ታመው ነው› ይላሉ። እናቶቻቸው ‹ሆዷን› ይላሉ። ምን እንደ ሆኑ እኛ እናውቃለን። ማንም አይናገርም። የአንዷን ስም ጠርቼ ብጽፍ እሷ ታፍራለች። ዲንቄ ግን የለችም፤ ከራሴ ያወጣኋት ናት። ለሌለች ልጅ ማን ያፍርላታል? ለዚህ ነው በልብ ወለድ የጻፍኩት።»

ጉተማ ልጓሙን ያዝ አደረገና ዞር አለ። «ጋሼ፣ ጣልቃ ገባህ አይበሉኝና፣ ይቺ ዲንቄ የምትሉት ምን ሆነች?»

«የዝዋይ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት» አለች ዘርፉ ቀደም ብላ። «ይኸው ጋሼ እንዳረሙት ላንብብልህ። ‹ዲንቄ ከወንበሯ ስትነሣ ወባ አየች። ልትሞት ነው ብላ ፈራች። ለእናቷ ለመናገር አፈረች። ጎሕ ሲቀድ ማንም ሳያያት ሐይቁ ዳር ወርዳ ወባውን ከቀሚሷ አጠበች። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልሄደችም።›»

ጉተማ ፈረሱን ጨርሶ አቆመው። «ክርክራችሁን ያልሰማ ሰው ምን ይላል? ወባ አጠበች? ዋቅ ያውቃል፣ እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ ይይዘኛል፤ አንድ ቀን አጥቤው አላውቅም! ደግሞ ለወባ ምን ያሳፍራል? ክኒኗን ውጣ አትተኛም? ሞኝ ናት ልጅቷ!»

«ሞኝ አይደለችም!» አለች ዘርፉ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ይኸው ጋሼ! ሞኝ አደረጓት!»

ሽማግሌው ስቴንስሉን ተቀብለው ራሳቸው ወደ ብርሃን አነሡት። ሲተይቡ ቃል በቃል ነበርና የተኩት፣ ምን እንደ ሠሩ ያዩት ገና አሁን ነው። በሕይወታቸው ሙሉ የሰው ቃል ሳያጣምሙ የተየቡ ሰው የዚህችን ልጅ ቃል አጣመሙ። ጆሯቸው ቀላ።

«ጉተማ፣ መልሰን» አሉ። «ወደ ቤቴ። ባለቤቴ አሰለፈች ትስማው። እሷም ነውር ነው ካለች ታሪኩ ከመጽሔቱ ጨርሶ ይወጣል፤ አንቺም አትከራከሪኝም። ተስማማን?»

ዘርፉ ደነገጠች። እትዬ አሰለፈች ጾም የማያጓድሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ወይዘሮ ናቸው። ሆኖም ሌላ መንገድ አልነበራትም። «ተስማማን» አለች።

እትዬ አሰለፈች ደጃፍ ተቀምጠው ለሴቶች ማኅበር ሹራብ ሲሠሩ አገኟቸው። በዘመቻው ማንበብ ከተማሩት አንዷ ናቸው፤ ታሪኩ የሚጻፈውም ለእንደሳቸው ዓይነቶቹ ነው። ጋሼ ኃይለየሱስ መነጽራቸውን አድርገው ከዘርፉ ደብተር ላይ ትክክለኛውን አነበቡ። ደም የሚለው ቦታ ሲደርሱ መነጽራቸውን አንድ ጊዜ አስተካከሉ፤ ግን አነበቡት።

የሹራቡ መርፌ ቆመ።

«ነውር አይደለም ወይ?» አሉ ባልየው።

ሴትዮዋ ባላቸውን ሳይሆን ልጅቷን እያዩ ተናገሩ። «እኔ በቆሎ ውስጥ ነበር የተደበቅሁት። ሁለት ቀን። የሆነ ነገር ውስጤ የተቆረጠ መሰለኝ። ሲፈልጉኝ እሰማለሁ፤ አልወጣም፤ እዚያው ልሙት ብዬ። እናቴ አግኝታ ገረፈችኝ። ከገረፈችኝ በኋላ ጨርቅ ሰጠችኝ። ምን እንደ ሆነ ግን አልነገረችኝም።»

«አሰለፈች፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አልነገርሽኝም» አሉ ጋሼ ኃይለየሱስ።

«መች ጠየቅኸኝ? ደሞስ ምን ብዬ? ነውር ነው አይደል?» አሉና መርፌያቸውን መልሰው አነሡ። «ይቺ ልጅ ያኔ ጽፋው ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ያኔ ማንበብ እችል ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ቀን በቆሎ ውስጥ አልተኛም ነበር። በል ተይበው።»

ዘርፉ ከደስታዋ ብዛት ልትዘል ምንም አልቀራት። ሽማግሌው ግን ጣታቸውን አነሡ።

«ተረትቻለሁ፤ አልክድም። ነገር ግን ገና አልጨረስንም። ገጽ አራት ላይ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አለ። መጠጥ ቤት ገብቶ ሱሪውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ይጨፍራል። እሱን ጭራሽ አልተየብኩትም።»

«ውይ፣ እሱማ ምርጡ ነው!»

«ለዲንቄ ምኗ ነው?»

«ምኗም አይደለም። በሰፈሩ ያልፋል።»

«ታዲያ ለምን መጣ?»

«እንዲያስቅ! ክፍል ውስጥ ሳነበው ወንዶቹ ጠረጴዛ ደበደቡ። እርስዎ ራስዎ ተረትቻለሁ አሉ አይደል? ነውር ይጻፍ ከተባለ ሁሉም ይጻፍ።»

«አላልኩም። ስሚኝ። ደሙን ሳወጣው ታሪኩ ፈረሰ፤ ጉተማ እንኳ ሳቀብን። ይህን ሾፌር ባወጣው ምን ይጎድላል?»

ዘርፉ ደብተሯን ተቀብላ ገጽ አራትን ገለጠች። እትዬ አሰለፈች ቀና አሉ። «ወንዶቹ ሲስቁ ሴቶቹ ምን አደረጉ?»

ዘርፉ ትዝ አላት። ሴቶቹ ከወንበር ሥር የጠፋባቸውን ነገር እንደሚፈልጉ ሁሉ አቀርቅረው ነበር። ሳቁ ሳያልቅ ደወል ተደወለ። ሲወጡ ሁሉም የሚያወሩት ስለ ሾፌሩ ሱሪ ነበር፤ ዲንቄ ትምህርቷን ትተው አትተው ማንም አልጠየቀም።

«ዲንቄን ሸፈነብኝ» አለች በቀስታ።

«ልዩነቱ ይኸው ነው» አሉ ጋሼ ኃይለየሱስ፤ ድምፃቸው አሁን የአስተማሪ ሳይሆን እፎይ ያለ ሰው ድምፅ ነበር። «እኔ ነውር ሁሉ አንድ መስሎኝ ሁለቱንም ልጥል ነበር። አንቺ ደግሞ ሁለቱንም ልትይዢ። ያንዱ ነውር ለተጨነቀች ልጅ ነው የቆመው። ያንዱ ለጭብጨባ።»

ዘርፉ እርሳሷን አወጣችና ሾፌሩን ከነሱሪው ሰረዘችው። ትንሽ አዘነችለት፤ አንድ ሳምንት የለፋችበት ነበር። ሽማግሌው ለስቴንስሉ እርማት ቀለም እንኳ አልፈለጉም፤ አዲስ አወጡና ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው ተየቡት።

ማኅተሙ ተመትቶ፣ መጽሔቱ ተባዝቶ፣ በሚቀጥለው እሑድ ከቀትር በኋላ ንባብ ቤቱ ሞላ። ተራ በተራ እያነበቡ ሲሄዱ ያቺ ዐረፍተ ነገር የደረሰችው ለእትዬ አሰለፈች ነበር። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አድርገው ቃሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጋሼ ኃይለየሱስ በር ላይ ቆመው ላብ አጠመቃቸው። ሴትዮዋ ትንፋሽ ወሰዱና ሙሉውን፣ ሳይዘሉ፣ አነበቡት።

«ድገሚው» አሉ ከኋላ ወይዘሮ ቡዜ የተባሉ የአትክልት ነጋዴ።

ደገሙት። ከዚያ በኋላ ንባቡ ቀርቶ ወሬው ደራ። አንዷ እናት ለልጅ ቀድሞ መንገር እንደሚሻል ተናገረች፤ ሌላዋ ጨርቁ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ሕመም እንደሚያመጣ፣ ተደብቆ ጥላ ውስጥ መሰጣቱ ጥሩ እንዳልሆነ አስረዳች። ሦስተኛዋ «መጨረሻ ላይ ቤቷ ድረስ የመጡት መምህርት ዲንቄን ባያስረዷት ኖሮ እዚያው ሐይቁ ዳር ልትቀር ነበር እኮ!» እያለች እንደ ጎረቤት ልጅ ተቆጨችላት። ደራሲዋን ዘወር ብሎ ያያት ሰው አልነበረም። ዘርፉ መጀመሪያ ቅር አላት፤ ኋላ ግን ለዲንቄ የሚቆጨው ሰው ሲበዛ ቅሬታው ጠፋ።

ወይዘሮ ቡዜ ስብሰባው ሳይበተን ተነሡ። «የኔዋ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም» አሉ። «ሐኪም ቤት ልወስዳት ነበር። ለካስ ያልነገርኳት እኔ ነኝ።» መጽሔቱን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ዘርፉ ጠመኔ ልታደርስ አምስተኛ ክፍል ስትገባ፣ ቀጭኗን የወይዘሮ ቡዜን ልጅ ዘግይታ በሩ ላይ ቆማ አየች።

«የት ከርመሽ ነው?» አሏት መምህሩ።

«ቤት ነበርኩ» አለች ልጅቷ። «አሁን ግን ደህና ነኝ።»

ገብታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች።