«ጀርባዬን ሰጠሁሽ»

ሀና ማርያም ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየማችን የገባን ሰሞን፣ ሶፋዎቹን ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሬ እንደ ታክሲ ወንበር ደረደርኳቸው። ደግሞ ኮርቼበት ነበር። ታዲያ ባለፈው እሁድ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ዜና እያየን፣ «ሥራ እንዴት ነው? ጤናህስ?» ይሉኛል፤ እኔ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል «ደህና፣ ደህና» እላለሁ።

ድንገት ብድግ አሉና ጥግ የነበረችውን ዱካ ስበው ፊት ለፊቴ ቁጭ አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ዜና አንባቢዋን፣ «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ጀርባዬን ሰጠሁሽ» አሏት።

ሳቄ አመለጠኝ። «አባባ፣ እሷ እኮ አታይዎትም!»

«አንተስ?» አሉኝ።

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና ቀና ብዬ አየኋቸው። ለካስ ፂማቸው ጨርሶ ሸብቷል።