ወይ ቦርሳው ይነሳል፣ ወይ እርስዎ

— ሄሎ... ሄሎ! ሕዝቅያስ? ... እሰይ! የት ገብተህ ነው አንተ ልጅ? ሁለት ቀን ሙሉ «ማግኘት አይችሉም» ከምትለው ሴትዮ ጋር ስነታረክ ነው የከረምኩት።

— ማጂ? ... አዎ፣ ለሥራ እንደምትወጣ ነግረኸኝ ነበር፣ ረሳሁት። ኔትወርክ የለም... አውቃለሁ። አሁን ሚዛን ገባህ? ... ቤት ነህ? ጥሩ። የትም እንዳትሄድ።

— እኔማ ቴፒ መናኸሪያ ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ እስኪሞላ እየጠበቅኩ ነው። ... ወደ ጅማ። ... እነግርሃለሁ፣ አትቸኩል። አንድ ጊዜ... ሲላስ! ስንት ሰው ቀረህ? ... ሁለት? ቅድምም ሁለት ነበር እኮ ያልከው! ... ሹፌሩ ነው ልጄ። ሁለቱ ሰዎች ከየት እንደሚመጡ እሱም አያውቅም።

— ምን? ... ቪዲዮውን ስንት ሰው አየው አልክ? ... አራት መቶ ሺህ?

— አትሳቅ። ... ሕዝቅያስ፣ አትሳቅ አልኩህ!

— አልተቆጣሁም። ... እሺ፣ ተቆጥቻለሁ። በራሴ ነው ግን። ... አዎ፣ ለጥፈው ያልኩህ እኔ ነኝ። «ይቺን ባለጌ አገር ይያት» ብዬ አውሮፕላን ውስጥ ሆኜ የላክሁልህ እኔው ነኝ፣ አልካድኩም። አሁን ግን ስማኝ። ያ አውሮፕላን ጅማ ሲያርፍ ከመንደርደሪያው ወጣ።

— ሄሎ? ... ትሰማኛለህ? ... አዎ፣ እኔ የነበርኩበት! ... ቆይ፣ አትጩህ። ደህና ነኝ። ይኸው እያናገርኩህ አይደል እንዴ? ክርኔ ተላጠ እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም። የሞተም የለም፣ ተመስገን። አንድ ቀበቶውን የፈታ ሰው ጥርሱ ረግፏል። ... እናትህም ደህና ናት፣ ይኸውና ጃንጥላ ይዛ መስኮቱ ጋ ቆማለች። እማዋይሽ፣ ልጅሽ ነው፣ ሰላም በላት ይላል። ... «እግዜር ይይለት» ትልሃለች። ... አይ፣ አሁን አላናግረውም አለች። ... ለምን እንደሆነ ስጨርስ ይገባሃል።

— ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ የምታውቀው ቪዲዮውን ነው።

— የእናትህን የምርመራ ውጤት ለመቀበል አዲስ አበባ መሄዴን ታውቃለህ። ሐኪሙ ፖስታ አሽጎ ሰጠኝ። ፊልሙ፣ ወረቀቱ፣ የሦስት ወር መድኃኒቱ፣ ሁሉም ያቺ ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ነው። እብጠቱ ምን እንደሆነ ፖስታው ውስጥ ተጽፏል፣ እኔ ደግሞ ፈርቼ አልከፈትኩትም። እናትህ ፊት ነው የምከፍተው ብዬ ደረቴ ላይ አቅፌው ገባሁ።

— የተቀመጥኩት የአደጋ መውጫው መስኮት ጋ ነው። እግር መዘርጊያው ሰፊ ነው ብዬ ደስ ብሎኛል። መጣች፣ ህሊና። ... ስሟ ነዋ! ህሊና ነው ስሟ። አንተ «እቺ አስተናጋጅ» ብለህ ለጠፍካት እንጂ ልጅቷ ስም አላት።

— «አባቴ፣ እዚህ መውጫ ስለሆነ ቦርሳ እግር ሥር አይቀመጥም፣ ላይ ላስቀምጥልዎ» አለችኝ። እንቢ። «እንግዲያው ሌላ ወንበር ልቀይርልዎ» አለች። እንቢ አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ መጥታ በርከክ አለች። በርከክ ብላ ነው የለመነችኝ፣ ትሰማለህ? ያኔ ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ። ... አታውቅም? አንተ አይደለህም እንዴ የቆረጥከው?

— እሺ፣ ከአንተ አፍ ካልወጣ እኔ ልበለው። «ሥራሽ ሻይ ማቅረብ ነው፣ በሰው ዕቃ ምን አገባሽ!» ነው ያልኳት። ሰው እየሰማ። ከዚያ በኋላ ነው ብድግ ብላ «ወይ ቦርሳው ይነሳል፣ ወይ እርስዎ ይነሳሉ» ያለችው። አራት መቶ ሺህ ሰው ያየው ይህችን ብቻ ነው።

— ... እንዳልዋረድ ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። አልፈርድብህም። ... ሲላስ፣ ያ የቆመው ሰውዬ ተሳፋሪ አይደለም? ... ሸኚ ነው? አይ ዕድሌ!

— አዎ፣ አለሁ። ከዚያማ ቦርሳውን ላይ አስቀምጣ ዘጋችው። ተነስተን የቀበቶው መብራት ሲጠፋ እኔ ቀስ ብዬ አወረድኩት። እግሬ ሥር ወሸቅኩና ኮቴን ጣል አደረግኩበት። ያሸነፍኳት መሰለኝ፣ እንደ ልጅ! ከኋላዬ ሀጂራ ነበረች፣ የናስር ሚስት፣ እዚህ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው። ሕፃኗን ታቅፋለች። «ጋሼ፣ ይቆጣሉ እኮ» ብትለኝ ሳቅሁባት።

— ልናርፍ ስንል ዝናብ። ምን ዓይነት ዝናብ! ይንጠን ጀመር። ልጅቷ ወንበር እየያዘች መጣች። ወንበር ቀና አድርጉ፣ የመስኮት መጋረጃ ክፈቱ፣ ቀበቶ እሰሩ... አንዱን እንቅልፍ የወሰደውን ሳይቀር ቀስቅሳ መስኮቱን አስከፈተችው። እኔ ጋ ስትደርስ ኮቴን ገለጥ አደረገችው። አንድ ቃል አልተናገረችም። መንጭቃ ላይ ወረወረችው፣ ዘጋችው፣ ሮጣ ቦታዋ ተቀመጠች። ኮቴን መልሼ ለበስኩና ረገምኳት። በሆዴ።

— ከዚያ ጎማው መሬት ነካ። ነካና... ጭቃ ላይ የሚንሸራተት አይሱዙ አይተህ የለ? እንደሱ በጎን ሄድን። ሣር ውስጥ ገባን። የሆነ ነገር ቋ ብሎ ተሰበረ፣ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። መብራት ጠፋ። ከዚያ ሽታው መጣ፣ የነዳጅና የተቃጠለ ጎማ ሽታ።

— እሳቱ በቀኝ በኩል ነበር። ... በምን አወቀች? መስኮቱ ክፍት ነበራ! ክፈቱ ክፈቱ እያለች ስትጨቀጭቀን የነበረው ለዚህ ነዋ! ጎንበስ ብላ አየችና «በቀኝ አይከፈትም! በግራ! በግራ ብቻ!» ብላ ጮኸች። እኛማ ባገኘነው በኩል ነበር የምንከፍተው።

— ግራው እኔ ጋ ነው። መጥታ ከፈተችው። «ውጡ! ዝለሉ!» ... እኔ ምን ያደረግኩ ይመስልሃል? ... አይደለም። ... አይደለም ልጄ፣ አልዘለልኩም። ቦርሳዬን ላወርድ እጄን ወደ ላይ ሰደድኩ።

— አዎ። ጭስ ውስጥ። ከኋላዬ ሀጂራ ከነሕፃኗ፣ ከእሷ ኋላ ሰው እየተገፋፋ። የቡና መጋዘን ውስጥ ነው ያደግከው፣ በሩ ላይ አንድ ጆንያ ከተጋደመ ተሸካሚው ሁሉ ይቆማል አይደል? እኔ ያንን ጆንያ ሆንኩ።

— ያኔ «አባቴ» የለም። «ተወው!» ብላ እጄን መታችኝ። በአንተ ነው የተናገረችኝ! ... አዎ፣ መታችኝ እልሃለሁ። ወገቤን ይዛ ወደ ውጭ ገፋችኝ፣ በክርኔ ጭቃው ላይ ወደቅኩ። ቀና ብዬ ልሰድባት አፌን ስከፍት ከላይ ሕፃኑ መጣ። ሀጂራ ናት የዘረጋችልኝ። ተቀበልኩት። እሷም ዘለለች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው... ሕፃኑ አንገቴ ሥር ሆኖ ይጮሃል። ስድቡ አፌ ውስጥ ደረቀ።

— ትንሽ ቆይቶ ከመስኮቱ ጥቁር ጭስ ብቻ መውጣት ጀመረ። «ልጅቷስ?» አለ አንዱ። ሁላችንም መስኮቱን እያየን ቆምን። ... ሕዝቅያስ፣ ያቺን ጥያቄ መቼም አልረሳትም። ... ወጣች፣ ወጣች። እግራቸው የማይታጠፍ አንድ ሽማግሌ ከውስጥ ቀርተው ኖሮ እሳቸውን አስቀድማ ገፍታ አወጣቻቸው። ራሷ ስትዘል ግን እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

— ወደ እሷ ሄድኩ። ላመሰግናት መሰለህ? ... «ቦርሳዬስ?» አልኳት። አየህ አባትህን? እግሯ ተሰብሮ ጭቃ ላይ የተቀመጠችን ልጅ! ... «ውስጡ ምን ነበር አባቴ?» አለችኝ። እንደገና አባቴ ሆንኩ። የባለቤቴ የምርመራ ውጤት ነው አልኳት። አየችኝ፣ አየችኝና «ባለቤትዎ የሚጠብቁት ወረቀቱን ነው ወይስ እርስዎን?» አለችኝ።

— ... አለህ? ... እሺ። ተናፈጥ። እጠብቅሃለሁ።

— ጥርሷን ነክሳ ነው የምታወራው። አምቡላንስ እስኪመጣ ኮቴን አልብሻት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን አለችኝ መሰለህ? «ሻይ ሳላቀርብ ብቀር የሚሞት ሰው የለም። እኔ የተቀጠርኩት ለዚህች ሁለት ደቂቃ ነው፣ በሌላው ጊዜ ሻይ አቀርባለሁ።» በቁጣ አይደለም፣ እንዲሁ ነው ያለችኝ። «እርስዎን ካለፍኩ ለሚቀጥለው ሰው ምን እለዋለሁ? እሱም የሚወደው ነገር ቦርሳው ውስጥ አለ» አለችኝ። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ስንት የተጣላ አስታርቄያለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ ኮቴን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረግኩላት።

— የእናትህ ውጤት? ... አዎ፣ ቦርሳው እዚያው ቀረ። ሐኪሙ ጋ ብንደውል ሌላ ቅጂ አለኝ ብሎ በማግስቱ ፎቶ አንስቶ ላከው። በስልክ! ... ክፉ አይደለም ልጄ። እብጠቱ ክፉ አይደለም፣ በመድኃኒት ይጠፋል ተብሏል። ... አዎ። ... አዎ፣ እንኳን ደስ አለን። እልል ባልኩ ነበር። ግን እንዴት ብዬ?

— ትናንት ሀጂራ ደወለች። ልጅቷ ጅማ አክስቷ ቤት ናት አለችኝ። እግሯ ታስሮ ተኝታ ስልኳን ብትከፍት አገሩ ሁሉ ይሰድባታል። ፎቶዋን ፈልገው አውጥተዋል። እናቷን ሳይቀር... አልደግመውም። መሥሪያ ቤቷ ደግሞ ስለ ቪዲዮው ማብራሪያ ጻፊ ብሏታል። ስልኳን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች አለችኝ። ይኼኔ ነው እናትህ «እስቲ አሳየኝ» ያለችው። አየችው። ቪዲዮውን አይደለም ከዚያ በኋላ ያየችው፣ እኔን ነው።

— ... «አጠፋዋለሁ» አልክ? ማጥፋት አይበቃም! አራት መቶ ሺህ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ገብተህ ታጠፋዋለህ? ሙሉውን ለጥፈው። ሙሉው አለህ አይደል? ... አለህ። ሦስት ጊዜ «አባቴ» ስትለኝ ባይቀረጽም፣ እኔ ያልኳት ተቀርጿል። እሱን ጨምረህ ለጥፈው።

— ይስቁብኛ! ገበያ ላይ «ሻይ ማቅረብ» እያሉ ይጥሩኝ። ... ሕዝቅያስ፣ ለእኔ አታስብ። ... ለአንተ ነው? ቆርጠህ እንደነበር ስለሚታወቅብህ? ... እሱም ይታወቃ። እኔም አንተም አደረግነው፣ እሷ ብቻዋን ለምን ትሸከመው?

— ... አስብበት እንግዲህ። ግን ቶሎ አስብ። ... ሲላስ ምን አልክ? ሞላ? ... ተመስገን! እማዋይሽ፣ በይ ግቢ፣ ዝናቡ እየመታሽ ነው። ... ማሩን? ይዣለሁ፣ ይኸው ጉልበቴ ላይ ነው። ... የማሻ ማር ነው የላከችላት፣ አጥንት ይጠግናል ብላ። ... መተላለፊያው ላይ አላስቀምጠውም፣ እሺ አልኩ እኮ!

— ሄሎ፣ ተነሳን። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሚዛን እደርሳለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ቆመህ ጠብቀኝ፣ አብረን ነው የምንሄደው። ... ምን እንላታለን? እኔ ምን አውቄ። ለመሥሪያ ቤቷ የጻፍኩትን ደብዳቤ በኪሴ ይዣለሁ፣ ፈርሜበታለሁ። ለእሷ የምለውን ግን አላገኘሁትም። ... ካባረረችን ታባርረና! መብቷ ነው። ደጇ ላይ ቆመን ይቅርታ ጠይቀን እንመለሳለን።

— ... ምን? ድገመው፣ እየተቆራረጠ ነው። ... ለጠፍከው? አሁን? ... ሙሉውን? ... ስድቤንም?

— ...

— አይ፣ አለሁ። ... ጎበዝ። ... ጎበዝ ልጄ። ... ሰው ጻፈ እንዴ ወዲያው? ... ምን ይላል? ... አትዝለለው፣ አንብብልኝ። ... አትፍራ አልኩህ፣ ስለ እኔ ነው አይደል? አንብበው።

— ... እህ። ... ልክ ብሏል። ... ቀጥሎ ያለውስ?

— ሄሎ? ... ሄሎ?