ሲሻልሽ ትሄጃለሽ

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ያለው ሕንፃችን ምድር ቤት ልብስ ላጥብ ብወርድ ጋሽ ሽፈራውን አገኘኋቸው። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው ጎረቤቴ ናቸው። የባለቤታቸውን የወይዘሮ ቦጋለችን ነጠላ ከካልሲ ጋር ልብስ ማድረቂያው ድራየር ውስጥ ሲከቱ ደረስኩ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ነጠላው ይበላሻል፤ ይስጡኝ።»

«አርባ ዓመት ስታጥብ መች አየሁና» ብለው ሰጡኝ።

«ምነው፣ ወይዘሮ ቦጋለች ደህና አይደሉም እንዴ?»

ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካንሰር ነው፣ ዶክተር ፅዮን። ከእንግዲህ አይድንም ካሉን አራት ወር ሆነ። ለእሷ ግን ጨጓራ ነው ብለናታል። ሐኪሙ ያለውን እንደዚያ አድርጋ ያስተረጎመችላት ልጃችን ሆሣዕና ናት።»

«ሥቃይ የለባቸውም?»

«ሲብስባት ትራስ ትነክሳለች። ከሆስፒታሉ ነርስ ቤት ድረስ እንላክ ብለው ነበር፤ ፓሊየቲቭ ኬር ነው የሚሉት። ሦስት ጊዜ ኮል ሲያደርጉ አላነሳሁም። አስተርጓሚ ይዘው መጥተው ቢነግሯትስ?»

ፓሊየቲቭ ኬር ሃያ ሁለት ዓመት ምርምር ያደረግኩበት፣ ፕሮፌሰር የተባልኩበት ሙያ ነው። በሽታው ባይድን እንኳ ሰው ሳይሠቃይ፣ ቤተሰቡን ተሰናብቶ እንዲሄድ የሚደረግ እንክብካቤ ነው። ይህን የማስተምር ሴት ስምንት ፎቅ ከታች እየኖርኩ ወይዘሮ ቦጋለች አራት ወር ሙሉ ትራስ መንከሳቸው አናደደኝ። የተናደድኩት በራሴም ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚደብቁት ለማን ብለው ነው?»

«ለእሷ ነዋ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ፊት ለፊት ይነገራል? ፈረንጅ አንጀቱ ይችላል፤ የኛ አይችልም። ደግሞ የቸርቻችን ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸልየውላታል። ትፈወሳለች ካልን በኋላ ስለ ሞት ብናወራ እምነታችን የት ሄደ?»

«ጸሎቱን ማን ተዉ አለዎት? ግን ጌታን ለመለመን እሳቸውን መዋሸት ያስፈልጋል?»

ካልሲዎቹን ማሽኑ ውስጥ እየከተቱ፣ «ከሰማች ተስፋ ትቆርጣለች። በማግስቱ ትሞትብኛለች» አሉ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» አልኳቸው። «እናቴ እዚሁ ከተማ ስትታመም፣ የሰው ቤተሰብ እንዳይደብቅ ጽሑፍ የማሳትመው ሴት የደም ማነስ ነው አልኳት። ከወንድሟ ከገረመው ጋር ተኳርፈው ነበር። ለእሱ ደውይልኝ ባለችኝ ቁጥር፣ ሲሻልሽ ራስሽ ትደውያለሽ እላት ነበር። ዶክተር ናት ብላ አመነችኝ። ለአጎቴ የደወልኩት ለመርዶ ነው።»

ጋሽ ሽፈራው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ቦጋለችም ካልጋሪ ከተማ ያለችውን እህቷን፣ ጠጂቱን ልይ ትላለች። ሲሻልሽ ትሄጃለሽ እላታለሁ።» ማሽኑ ሲቆም ተነስተው በሩን ከፈቱ። «ምን ብዬ ልጀምር?»

«ከመንገርዎ በፊት ይጠይቋቸው። ሐኪሞቹ ያሉትን ሁሉ ማወቅ ትፈልጊያለሽ ወይ ይበሏቸው። አልፈልግም ካሉ ይተዉአቸው፤ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ነርሷ ጋ ግን ዛሬውኑ ይደውሉ።»

ስልካቸውን እዚያው አወጡ።

ወይዘሮ ቦጋለች ሁሉንም ማወቅ ፈለጉ። ሰምተው አለቀሱ፤ ሁለት ቀን ባላቸውንም ልጃቸውንም አላናገሩም። በማግስቱ ግን አልሞቱም። በሦስተኛው ቀን፣ «ጠጂቱን ጥራልኝ» አሉ። ነርሷ በሰጠቻቸው መድኃኒት ሥቃዩ ታገሠላቸውና እንቅልፍ አገኙ፤ ሽማግሌዎቹም እየመጡ መጸለያቸውን አልተዉም። ጠጂቱ መጥታ እህትማማቾቹ ስምንት ቀን አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ሲያወሩ ሳቃቸው ኮሪደር ድረስ ይሰማ ነበር። ሆሣዕና እናቷን ይቅርታ ጠይቃ ይቅር ተባለች። በዘጠነኛው ቀን ወይዘሮ ቦጋለች አረፉ። ዛሬ ከቸርቻቸው ሰው ሲታመም፣ ቤተሰቡን ቀርበው «ጠይቁት እንጂ አትደብቁት» የሚሉት ጋሽ ሽፈራው ናቸው።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ምድር ቤት ተገናኘን። ነጠላውን በእጃቸው አጥበው ይዘውታል።

«ልክ ነበርሽ፣ ዶክተር» አሉኝ። «ግን ሐምሌ ላይ በእግሯ ትሄድ ነበር። ጠጂቱ ያኔ ብትመጣ አብረው ከተማችን ሐይቅ ዳር ይቀመጡ ነበር። ያንን አራት ወር አሁን ከየት ላምጣው?»

 የነጠላውን አንድ ጫፍ ያዝኩላቸውና አብረን አጠፍነው።