ሮዌና ስትጠይቅ ማን ይመልስ?

አገር ጥሎ የሚሄድ ሰው ከዕቃው ይታወቃል። ለገበያ የሚሻገር ዘንቢል ይይዛል፤ ዘመድ የሚጠይቅ ደረቅ ዓሣ ወይም ሙዝ ያንጠለጥላል። ያን ጠዋት ጀልባ ማረፊያው ላይ ሎሎ ክሪስፑሎን ድንገት ሳገኛቸው ግን የሩዝ ድስት፣ የተጠቀለለ ሰሌንና የልጅቱን የትምህርት ቤት ጫማ አጠገባቸው ደርድረው ነበር። እኛ ደሴት ላይ ሽማግሌን ሁሉ ሎሎ እንላለን፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። የልጅ ልጃቸው ጂንጂን ቀይ ቀሚሷን ለብሳ ድስቱ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ ሙት ቀይ የለበሰ ልጅ አይቀርብም ተብሎ፣ ሌላ ቀለም ለብሳ አይቻት አላውቅም።

እናቷ ሮዌና የሎሎ ክሪስፑሎ አንድ ልጅ ነበረች፤ ለእኔ ደግሞ በአንድ ትምህርት ቤት አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ። አውሎ ነፋስ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ነቅሎ የወሰደ ጊዜ ልጆቹ ቤት ቀሩ። እሷም ስልኳን ፊት ለፊቷ አቁማ፣ ፊደልና ቁጥር በገዛ ቋንቋችን እያስተማረች ራሷን ቀረጸች፤ ማንም ያለ ክፍያ እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ አኖረችው። ጣሪያው ከተመለሰ በኋላም አላቋረጠችም፤ ያስቋረጣት ሕመም ነው። ዛሬ በዙሪያችን ባሉ ደሴቶች ቤቱ ቁጭ ብሎ ከእሷ የማይማር ልጅ ጥቂት ነው። ያኔ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዷ የራሷ ልጅ ነበረች።

"ወዴት ነው ሎሎ፣ በደኅና?" አልኳቸው።

"ወደ ተራራው። እህቴ ዘንድ።"

"ለስንት ጊዜ?"

"ለሁልጊዜ። እዚያ ኔትወርክ የሚሉት ነገር አይደርስም አሉ። ጥሩ አገር ነው።"

ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ተጋድመዋል፤ ውሃው እስኪመለስ የሚሻገር የለም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ባሌ ይህንኑ ሲናገር አርጅቷል። ድስቱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ይቺ ልጅ እኮ እስካሁን ማንበብ አልጀመረችም፣ ሎሎ። ተራራው ላይ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው።"

"ካሳቫ ለመትከል ማን አንብቢ ይላታል?"

"ሮዌና ይህን ብትሰማ..."

"እሷን አትጥሪብኝ።" የልጅቱን እጅ እንደ መልሕቅ ገመድ ጠበቅ አድርገው ያዙ። "ያላየሽውን ልንገርሽ፣ መምህርት። ይቺን ልጅ የጎረቤት መስኮት ሥር ቆማ አገኘኋት። ከውስጥ ልጄ ትናገራለች። በእጄ አፈር ያለበስኳት ልጄ። ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ ይቺ ከውጭ ትመልስላታለች። ደግሞ ትጠይቃለች፣ ደግሞ ትመልሳለች። ሙት ሲናገርሽ ከመለስሽ ትከተይዋለሽ። እናቴ ነች የነገረችኝ።"

የተማርን ነን የምንል ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ መሳቅ እንወዳለን። እኔ አልሳቅሁም። ሰውዬው አንድ ልጅ ቀብረዋል፤ የቀረችው ይቺ ብቻ ናት። እሷን እንዳያጡ ነው የሚሸሹት፤ ግን መንገዱ እሷኑ የሚያሳጣቸው ነው።

"እሺ ሎሎ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ጂንጂንን በሣጥኑ ላይ ያሻገራት ማን ነው?"

"እኔ ነኛ። እናቷ ናፍቃት መጥታ እንዳትወስዳት።"

"ታዲያ ሥርዓቱ ይሠራል አይሠራም?"

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ይሠራል እንጂ።"

"ከሠራ ሮዌና አትወስዳትም፤ ድምፅዋን ብትሰማ ምን ትሆናለች? ካልሠራ ደግሞ ሙት ተራራ መውጣት ያቅተዋል? ለጀልባ እንኳ አይከፍልም።"

"የአንቺ ምላስ ዓሣ ይዘለዝላል" አሉ። "ያልተነካ ግልግል ያውቃል። ደግሞስ ስልክ መቼ ነው ትምህርት የሆነው? የጎረቤቴ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚጨፍር ሰው ሲያይበት ይውላል። ዓይኑ በርበሬ መስሏል።"

"እውነትዎን ነው። ብቻውን የተተወ ልጅ ያገኘውን ነው የሚያየው። ቢላዋም ብቻውን ለተተወ ልጅ ጣት ይቆርጣል፤ ግን ከቤትዎ ቢላዋ አልጠፋም። ስልኬን አውስዎታለሁ፤ አጠገቧ ይቀመጡ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ስልኩን ይቀበሏት።"

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። ተቀምጬ ምን ልፈይድ?"

"ይሰሟታል። ልጅ የሚሰማው ሰው ካገኘ ግማሹን ተማረ ማለት ነው።"

ሎሎ ክሪስፑሎ ወደ ልጅቱ ዞሩ።

"አንቺ፣ እዚያ መስኮት ምን ታደርጊያለሽ?"

ጂንጂን እግሯን እያየች፣ "እማዬ አትቆጣም" አለች። "ክፍል ውስጥ ካልገባኝ ልጆቹ ይስቁብኛል። እማዬ ግን ካልገባኝ ደግማ ታሳየኛለች።"

"ነይ ትልሻለች?"

"አትለኝም። ዓሣ ነው የምትቆጥረው።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እንግዲያው መጀመሪያ እኔ ልስማ" አሉኝ። "ልጅቱን ከኋላ አድርጊያት። የምትወስድ ከሆነ እኔን ትውሰድ።"

ጂንጂንን ከመረብ ክምሩ ጀርባ አስቀመጥኳትና ስልኬን ከፈትኩ። ሮዌና ቅርጫት ታቅፋ ብቅ አለች፤ ጸጉሯ ገና ከመታጠብ የወጣ ነው። "ልጆች፣" አለች፣ "አባቴ ዛሬ ዘጠኝ ዓሣ አጠመደ። ሦስቱን ለጎረቤት ሰጠ። ለቤት ስንት ቀረ? ቁጠሩና ንገሩኝ።" ከዚያ እንደ ልማዷ ዝም ብላ ጠበቀች። ዓይኗ ቀጥ ብሎ እሳቸው ላይ ነው።

የሎሎ ክሪስፑሎ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ለጂንጂን የከለከሉትን ረሱት።

"አምስት" አሉ።

"ስድስት ነው ሎሎ!" አለች ጂንጂን ከመረቡ ጀርባ።

"አምስት ነው። የመጀመሪያዋ ለባሕሩ ትመለሳለች። ሮዌና ይህ አይጠፋትም፤ በኔ ጀልባ ነው ያደገችው።"

ስልኩ ውስጥ ሮዌና ፈገግ አለች። "ስድስት ያላችሁ፣ ጎበዞች። አምስት ያላችሁ ደግሞ የዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ናችሁ፤ የመጀመሪያዋን ለባሕሩ መልሳችኋል። አባቴም እንደዚሁ ነው የሚቆጥረው። እሱ ነው ያስተማረኝ።"

በቀብሯ ዕለት፣ እንባ ሣጥን ላይ ከወደቀ የሟች መንገድ ይከብዳል ተብሎ፣ ሎሎ ክሪስፑሎ አላለቀሱም ነበር። አሁን ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው አለቀሱ። ጂንጂን ከመረቡ ጀርባ ወጥታ ጉልበታቸውን አቀፈች። ማናችንም ዝም በሉ አላልናቸውም።

ውሃው ተመልሶ ጀልበኛው ሲጣራ ሎሎ ሰሌኑን አንስተው ወደ መንደሩ አቀኑ። ድስቱን መሸከም ለእኔ ተረፈኝ።

ይህን ለወላጆች ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ሳይሳቅበት፣ እስኪገባው ደጋግሞ የሚማርበት ነገር በነፃ ተቀምጦ እያለ፣ ስለፈራነው ብቻ በሩን መዝጋት ልጁን መበደል ነው። በሩን ከፍቶ ልጁን ብቻውን ማስገባትም ያው በደል ነው። አብሮት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ማንበብ ባይችልም ግድ የለም። ጂንጂን አሁን ታነባለች። የእናቷን ትምህርት ጨርሳዋለች፤ ሮዌና ማባዛት ላይ ሳትደርስ ነው የሞተችው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ከሌሎች መምህራን፣ ከማናውቃቸው ሰዎች፣ እዚያው ስልክ ላይ ትማራለች።

ሎሎ ክሪስፑሎ ግን ማባዛት አይገባኝም ይላሉ። በየቀኑ፣ ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት፣ የዓሣዋን ትምህርት ያስከፍቷታል። ሮዌና ጠይቃ ሳትጨርስ "አምስት" ይሏታል። እስካሁን ማንም አልወሰዳቸውም። አንዳንድ ቀን ግን ብትወስዳቸው የሚጠሉ አይመስሉኝም፤ ያን ጊዜ ጂንጂን "ስድስት ነው ሎሎ" ትላቸዋለች፣ እሳቸውም ይከራከሯታል።