የሱኪ ላቬል ማሰሪያ

የምስክር ስም፦ ታቢታ ገርኒ (ባሏ የሞተባት)
ዕድሜ፦ 51 ዓመት
ሥራ፦ ልብስ አጣቢ
አድራሻ፦ እንግሊዝ፣ ባኪንግሃምሻየር፣ ዌስተን ሚድ መንደር፣ ከኩሬው ዳር ሁለተኛው ቤት
ቀን፦ ረቡዕ፣ ጁን 13 ቀን 1787 እ.ኤ.አ.፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት
ቦታ፦ ጥቁር በግ መጠጥ ቤት
ጉዳዩ፦ የሕፃን ሱኪ ላቬል (የሁለት ዓመት ከሦስት ወር) አሟሟት

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ በአሟሟት መርማሪው ዳኛና በአሥራ ሁለቱ ፈራጅ ሽማግሌዎች ፊት መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ምዬ ቃሌን እሰጣለሁ። የሟች እናት ፊቢ ላቬል ጎረቤቴ ናት፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ሲሆን ባሏ መርከበኛ ስለሆነ አገር ውስጥ የለም። የምትተዳደረው ዳንቴል በመሥራት ነው። ሥራው ሃምሳ ስልሳ ክር ባንድ ጊዜ የሚያዝበት ስለሆነ ከጀመረች በመሐል ብድግ ማለት አትችልም። ስለዚህ ሕፃን መራመድ ሲለማመድ እንዲያዝበት በቀሚሱ ትከሻ ላይ የሚሰፉትን ሁለት ማሰሪያዎች ቀጥላ አስረዝማ፣ ልጅቷን ከአልጋው እግር ጋር ታስራት ነበር። ማሰሪያው እስከ ደጃፉ ያደርሳል፤ ከደጃፉ አያሳልፍም። ከደጃፉ እስከ ፈረስ ማጠጫው ኩሬ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ራሴ ረግጬ ቆጥሬዋለሁ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኮርቻ ሠሪው ሚስተር ዊልኪንስ ዛሬ ሦስት ጊዜ «ልጅቷ ለምን አልታሰረችም?» ብለው ጠይቀውኛል። ሦስቱንም ጊዜ መልስ ስጀምር የዳኛው ጸሐፊ «የትናንቱን ብቻ ተናገሪ» እያሉ አቋርጠውኛል። የትናንቱ ነገር ያለ ቅዳሜው አይገባም ብዬ አመልክቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰው ከገበያ ሲመለስ ሟች እንደታሰረች ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ሚስተር ዊልኪንስ ቆም ብለው «ፊቢ፣ ፍየልሽ ስንት ወተት ትሰጣለች?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊቢ «ጌታዬ፣ ኩሬው ቅርብ ሆኖብኝ እኮ ነው» ስትል «እንግዲያው ልጓም ልሥራላታ፣ ለጎረቤት በቅናሽ!» አሉ። ሕፃኗም የሰውን ሳቅ አይታ እያጨበጨበች አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ልጆች ባለፉ ባገደሙ ቁጥር «ሜ! ሜ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ፊቢ ስታለቅስ በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ።

ትናንት ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ያጠብኩትን አንሶላ ይዤ ስወጣ ልጆቹ እንደገና ይጮኹ ነበር። ደሜ ፈላ። እነሱን አባርሬ ወደ ፊቢ ቤት ገባሁና «አንቺ ልጅ፣ የሰው መሳቂያ የሚያደርግሽ ምን ነገር ነው? ፍቺያት!» አልኳት። እሷም «እማማ ገርኒ፣ ኩሬውስ?» አለችኝ። «ልብስ የማሰጣው እዚሁ ደጅ አይደል? እኔ አያታለሁ» አልኳት። ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ ስላለኝ መቀስ አምጥቼ ሁለቱንም ማሰሪያ ከትከሻዋ ላይ ቆረጥኩት። ሟች እየሮጠች ደጃፉ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ቆመች። ማሰሪያው የሚይዛት መስሏት ነው። ዞር ብላ አየችኝና ወጣች።

ከዚያ አንሶላዎቹን አጥሩ ላይ እያሰጣሁ ሳለ አንዱን ነፋስ ወሰደብኝ። እሱን ተከትዬ ከቤቱ ጀርባ ዞርኩ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ስመለስ ሟች ኩሬው ውስጥ በፊቷ ተደፍታ አየኋት። ገብቼ አወጣኋት፤ ውሃው ለእኔ ከጉልበቴ አያልፍም። ፊቢ ክሯን ሁሉ በትና እየጮኸች መጣች፤ ልጅቷ ግን ትንፋሽ አልነበራትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ስትታሰር ፍየል ናት ተብሎ ተሳቀ፤ ስትፈታ ደግሞ እናቲቱ በቸልተኝነት ትጠየቅ ይባላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ «የእናት ቸልተኝነት» የሚል ቃል ከጻፉ ፊቢ ልጇን ሳትቀብር ወህኒ ትወርዳለች። ይህን ስናገር ሚስተር ዊልኪንስ «ቀልድ ነበር እኮ» ብለው አቀረቀሩ። ቀልድ መሆኑን እኔም አልካድኩም። እኔስ ቢሆን እልክ ይዞኝ አይደል የቆረጥኩት?

ማንበብ ስለማልችል ጸሐፊው ቃሌን እንዲያነቡልኝ ጠየቅኩ። ሲያነቡልኝ «ማሰሪያው ተቆርጦ ነበር» ይላል። ማን እንደቆረጠው የለበትም። ብጠይቃቸው «ለጉዳዩ አያስፈልግም» አሉኝ። ካልተጻፈ ምልክቴን አላደርግም ብዬ ከተቀመጥኩበት አልነሣ ስላልኳቸው በመጨረሻ ጽፈውልኛል።

ከላይ የተናገርኩት ሁሉ ያየሁትና ያደረግኩት ነው፤ ሐሰት የለበትም። ፊቢ ልጇን አስራ ነበር። ከዚህ በታች መስቀል የምታደርገው እጅ፣ መቀሱን የያዘችው እጅ ናት።

የምስክር ምልክት፦ ✕ (ታቢታ ገርኒ)
ቃሉን የጻፈው፦ ኤድመንድ ፔል፣ የዳኛው ጸሐፊ
ሲነበብ የሰማ፦ ቶማስ ዊልኪንስ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ