ሳይጠመድ የማይገዛው ግራፊክስ ካርድ

ነቀምት ላይ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። በቀደም አንድ የኮምፒውተር ነጋዴ የጌም ምስል የሚያጠራ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ይዞልኝ መጣ። ዋጋው ጥንድ በሬ ይገዛል። እሱ ግን "ልዩነቱን ሕፃን እንኳ ያየዋል!" እያለ ልቤን አሸፈተው። እሺ ልለው ስል ከቢላ ከተማ ሊጠይቁኝ የመጡት አባቴ፣ የከብት ነጋዴው፣ "በሬ ሳይጠመድ ይገዛል እንዴ? ካሮጌው ጋር ጥመደውና እንየው" አሉ።

ጠመድነው። አዲሱን በአንዱ ኮምፒውተር፣ የኔን አሮጌ በሌላው ገጥመን አንድ ዓይነት ጌም ከፈትን። አባቴ ነጋዴውን "ኢልማኮ፣ ልጄ፣ አንዴ ውጭ ቆይልን" ብለው አስወጡትና ኮምፒውተሮቹን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ እኔም የስክሪኖቹን ገመድ አቀያየርኩ። ሲመለስ፣ "ቀያይረን ይሁን አይሁን አንነግርህም። አዲሱ የቱ ነው?" አሉት።

ሰውዬው አላቅማማም። "ይሄ ነዋ ኦቦ! ጥራቱን አያዩም?"

ጋቢውን ገለጥኩት። የጠቆመው የኔን አሮጌ ነበር! እኔ በሳቅ ፈረስኩ፣ ተጫዋቾቹ አጨበጨቡ። አባቴ ብቻ አልሳቁም። ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ "በል ልጄ፣ የኛን በሬ ስላመሰገንክልን ተባረክ፤ ያንተን ፈትተህ ውሰድ" አሉት።