የጠገራዋ ዘጠኝ ነጥቦች

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም መንገድ እንደጀመርን፣ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት አጠገቡ ላሉት ሽማግሌ ስልኩን አሳያቸው።

«አባባ፣ አዲሱ የአሜሪካ ዶላር ሳንቲም ይኸውልዎት። መልኩን ስለቀየሩት እኛ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ተቆጥተናል።»

«መቆጣታችሁ ደግ ነው። አባቴም የጠገራ ብሯ ሴትዮ ትከሻዋ ላይ ዘጠኝ ነጥብ ከሌላት ንክች አያደርጋትም ነበር።»

«እኔም ዛሬ ቡሬ ገበያ አንድ ጠገራ ገዛሁ።»

«ነጥቧን ቆጠርኸው?»

ከኪሱ አውጥቶ ቆጠረ።

«ስምንት።»

«እስኪ ድገመው።»

«ስምንት ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያ አታለውሃል።»

«ሰውየው ገና ከገበያ አልወጣም። ወራጅ አለ!»

«ቆየኝ፣ እኔም እወርዳለሁ። ብቻህን ብትሄድ አይሰማህም።»

እኔም ከኪሴ የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቼ፣ አንበሳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ አየሁት።